የስድስተኛ ለ አንደኛ ረባሽ

ከእንጦጦ ወዲያ ያለውን ሁሉ ውጭ አገር ብሎ የሚያምን የአዲስ አበባ ልጅ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ይኸው እኔ አለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግሁት አዲሱ ገበያ ነው። የሱሉልታ ታክሲዎች በደጃፋችን ሲያልፉ ዕድሜዬን ሙሉ አይቻቸዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ የሚደርሱበት ቦታ ይኖራል ብዬ አስቤ ግን አላውቅም።

የማስተማር ልምምድ ምደባ ኮሌጃችን ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ጓደኞቼ አራት ኪሎ፣ ፒያሳና ጉለሌ ደረሳቸው። ለእኔ ሱሉልታ። ሰበታና ቡራዩ የተመደቡ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ሦስታችን ተቃቅፈን ልንላቀስ ምንም አልቀረን። እናቴ ዜናውን ስትሰማ ሁለት ሹራብ፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ጣሳ ቆሎ አዘጋጀችልኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ውጭ ደርሶት ሄደ» ብላ አወራች። የት እንደሆነ ሲጠይቋት «በላይ በኩል ነው» ትላለች። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሼ እቤቴ መክሰሴን ስበላ ጎረቤቶቻችን ያዩኛል። የዚህን ነገር እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀም።

ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልምምዱ አንድ ወር ነው። በመጨረሻው ሳምንት ከኮሌጁ ገምጋሚ መጥቶ አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብሎ ያየኛል፤ ያቺ አንዲት ክፍለ ጊዜ ካልጣመችው ዓመት እደግማለሁ። እናቴ ደግሞ ለምርቃቴ የሚመጡትን ዘመዶች መጥራት የጀመረችው ገና መመዝገቤን የሰማች ዕለት ነው።

አማካሪ መምህሬ መምህር ጉታ ይባላሉ። ማስተማር ትርፍ ሥራቸው ነው፤ ዋናው ሥራቸው የመሬት ድለላ ነው። የመጀመሪያ ቀን በራፉ ላይ ተቀበሉኝ፤ ስልካቸው ግን ከጆሯቸው አልወረደም።

«ሁለት መቶ ካሬ፣ ማዕዘን፣ አስፋልት የነካ… ቆይ አንዴ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልምምድ ነህ? ስድስተኛ ለ ያንተ ናት። ሆምሩሟ አንተ ነህ። ሃምሳ ሁለት ናቸው። ስም ትጠራለህ፣ የተጣላ ታስታርቃለህ፣ ችግር ካለ ትደውልልኛለህ። አቤት፣ ሃሎ፣ አዎ ካርታ አለው!»

በዚህ ተጠናቀቀ። አንድ ወር ሙሉ ያገኘሁት ምክር ይኸው ነው። ስልካቸው ሁልጊዜ የተያዘ በመሆኑ ችግሬን የምደውልበት መንገድ አልነበረኝም።

ትምህርት ቤቱ በኦሮምኛ የሚማሩ ክፍሎችም በአማርኛ የሚማሩ ክፍሎችም አሉት፤ የእኔዋ ከአማርኞቹ ነች። ልጆቹ ከሜዳው በኦሮምኛ እየተንጫጩ ይገባሉ፣ በአማርኛ ይማራሉ፣ ሲሰዳደቡ ሁለቱንም ይጠቀማሉ። እኔ አንዷን ብቻ ይዤ ሄጄ አገር ላሠለጥን ነበር ያሰብኩት። የዘበኛውን የኦቦ ለሚን ሰላምታ እንኳ ለመመለስ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ልጆቹ ኦቦ ለሚን «አንቱ» ይላሉ፣ መምህር ጉታን «አንቱ» ይላሉ፤ እኔን «ቲቸር አንተ» ይሉኛል። ከረባት አስሬም አልተሻለኝም።

የክፍሉ አለቃ ሀያት ትባላለች። አባቷ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ሱቅ አላቸው። ቁመቷ ከጠረጴዛዬ ብዙም አይበልጥም፤ ስታይህ ግን አንተ ነህ የምታጥረው። የረባሾች ዝርዝር የምትይዘው እሷ ናት። በዚህ አገር ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ይህቺን ዝርዝር ያውቃታል፤ መምህሩ ዞር ሲል አለቃው ሉክ ወረቀት አውጥቶ የረበሸውን ይጽፋል፣ ደግሞ የረበሸ ከስሙ ጎን ኤክስ ይጨመርለታል። መምህሩ ሲመለስ ወረቀቷን አይቶ ይገርፋል፣ ወይም ወረቀቷን ጠቅልሎ ጥርሱን ይጎረጉርባታል።

እኔ ግን ዘመናዊ ነኛ። የኮሌጁን ማኑዋል ሦስት ጊዜ አንብቤአለሁ። «የክፍል ደንብ በጋራ ይወጣል፣ በጋራ ይከበራል» ይላል። ማኑዋሉን የጻፈው ሰው በሕይወቱ አንድ ሕፃን አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ያኔ ግን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ነበር የያዝኩት። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ንግግር አደረግሁ። ከዛሬ ጀምሮ ዱላ የለም፣ ሁላችንም በደንብ ፊት እኩል ነን፣ ደንቡን የምታወጡት እናንተ ናችሁ አልኩ። ሃምሳ ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ከዚያ ደንብ ማውጣት ጀመሩ፤ ማን ያቁማቸው!

አምስት ኤክስ የሞላበት ሰው በእረፍት ሰዓት ማዳበሪያ ይዞ የግቢውን ቆሻሻ ይለቅማል፤ ለቅሞ ሲጨርስ ኤክሱ ይሰረዝለታል። እጅ ወጣ፣ ጸደቀ። ዝርዝሩ ከሰሌዳው ጎን ይለጠፋል፤ የነካው ወይም የገነጠለው አንድ ኤክስ ይጨመርበታል። ጸደቀ። ከኋላ ወንበር አብዲሳ የሚባል ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ስድብስ? ስድብ በቆሻሻ መሰረዝ የለበትም። የተሰደበው ሰው ነው መሰረዝ ያለበት።»

«ድንቅ ሐሳብ!» አልኩና አስጨበጨብኩለት። ጸደቀ።

ሀያት እስክርቢቶዋን አንሥታ «ደንቡ ቲቸርንም ይጨምራል?» አለች።

«ቲቸርን ነው ቀድሞ የሚመለከተው!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ያን ጊዜ የተጨበጨበልኝን ጭብጨባ ብትሰሙ ለምርጫ የምወዳደር ነው የሚመስላችሁ። ሀያት አላጨበጨበችም። እየጻፈች ነበር።

በሦስተኛው ቀን እንጦጦ ዳገት ላይ አንድ ሲኖትራክ መንገዱን ዘግቶ ቆመና ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ፣ ስም ተጠርቶ ካለቀ በኋላ ደረስኩ። በሳምንቱ መጨረሻ ክፍል ውስጥ ስልኬ ጮኸ፤ ለማጥፋት ስጣደፍ ድምፅ ማጉያውን ነክቼው ኖሮ እናቴ ሃምሳ ሁለት ሰው ፊት «ሹራቡን ደርበሃል ወይ? የውስጡን ማለቴ ነው» አለች። በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ የክፍል ሥራ ሲሠሩ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ቆሎ ቆረጠምኩ። የሱሉልታ ብርድ ያስርባል፤ ወዲያውም ማን ያየኛል ብዬ ነው። ቆሎ ስትቆረጥም አንተ ብቻ ነህ የምትሰማው የሚመስልህ።

አንድ ማክሰኞ ቀን ጠመኔ ላነሣ ዞር ስል ዝርዝሩን አየሁት። አናቱ ላይ፣ በተራ ቁጥር አንድ፣ «ቲቸር» ይላል። ጎኑ ሦስት ኤክስ። አብዲሳ በሁለት ኤክስ ይከተለኛል። ስሜን እንኳ አልጻፈችውም፤ አንድ ወር ተቀምጦ ለሚሄድ ሰው ስም ማጥናት ምን ያደርግላታል!

ሳቅሁ። ተማሪ ፊት የተበሳጨ መምህር የሚስቀውን ሳቅ ሳቅሁ። ከዚያ በእረፍት ሰዓት ሀያትን ለብቻዋ ጠራኋት።

«ሀያትዬ፣ የእኔ እኮ ለምሳሌ ያህል ነው። ለማስተማሪያ።»

«ለማስተማሪያ ነው የጻፍኩት ቲቸር።»

«ማለቴ፣ አሁን ብታጠፊው…»

«ሁለት ከጨመርክ ቆሻሻ ትለቅምና ይጠፋልሃል» አለችኝ፣ ልታጽናናኝ። ሄደች።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ደረስን፤ አጠር አድርጌ ልለፈው። ስለ ውሃ አጠቃቀም ምንባብ እያስተማርኩ ነበር። ልጆቹን በአካባቢያቸው ምሳሌ ላስደስት ብዬ «እዚሁ ሱሉልታ ያለው የገፈርሳ ግድብ» አልኩ። የት እንዳለ አላውቅም፤ ለእኔ ከከተማ ውጭ ያለው ሁሉ አንድ ቦታ ነው። አብዲሳ እጁን አወጣ። ከጫንጮ መስመር አንድ ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የሚመጣ ልጅ ነው፣ ጥያቄ አያልቅበትም። «ቲቸር፣ ገፈርሳ እኮ ቡራዩ ነው ያለው። አክስቴ እዚያ ናት» አለ። በትሕትና ነው ያለው። ክፍሉ ግን ሳቀ፤ የሳቀውም በእኔ ነው።

«ደደብ! ቁጭ በል!» አልኩት።

ቁጭ አለ። ከሀያት እስክርቢቶ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ወጥቼ ኦቦ ለሚን ገፈርሳ የት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። «እሱማ ቡራዩ ነው፤ ሕፃንም ያውቀዋል» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ አብዲሳ እጁን አላወጣም። ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ጠያቂ የሌለበት ክፍል ጸጥ ይላል፤ ማኑዋሉ ደግሞ ጸጥ ያለ ክፍልን «የተሳካ የክፍል አያያዝ» ይለዋል። ደስታዬ ግን ስም በምጠራበት ጊዜ ሁሉ ይበላሽብኝ ነበር። ሌላው ልጅ «አቤት» ሲል እሱ እጁን ትንሽ ከፍ አድርጎ ይመልሳታል።

የግምገማው ቀን ደረሰ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ማንም ሳይመጣ ክፍል ገባሁ። ሥዕል ለጠፍኩ፣ ወንበር አስተካከልኩ፣ ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ አጠብኩ። ከሰሌዳው ጎን ግን ያቺ ወረቀት አለች፤ ተራ ቁጥር አንድ፣ ቲቸር፣ አራት ኤክስ። ገምጋሚው ይህን ቢያይ ምን ይላል? ዓመት መድገሜ፣ የእናቴ ዘመዶች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ግራና ቀኝ አይቼ ገነጠልኳትና አጣጥፌ ኮቴ ኪስ ከተትኳት። ሌባም እንደዚያ አይጣደፍም።

ገምጋሚው በኮሌጁ መኪና መጡ፤ ሲወርዱ እጃቸው ላይ ሁለት ባዶ ጀሪካን አለ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አንዱን ለኦቦ ለሚ አስይዘው፣ ሌላውን ረስተው ይዘውት ክፍል ገቡና ከአብዲሳ ጎን ባለው ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እስኪነካ ታጥፈው ተቀመጡ። ቅጻቸውን አወጡ። ከዚያ በኋላ ባብዛኛው ሰዓታቸውን ነበር የሚያዩት።

እኔ ግን የዕለቱን ምንባብ አስተማርኩ! እንደዚያ ቀን አስተምሬ አላውቅም። ቡድን አዋቀርኩ፣ አወያየሁ፣ አስጨበጨብኩ፣ ሥዕሉን በዱላ እየጠቆምኩ ላብ በላብ ሆንኩ። ልጆቹም አላሳፈሩኝም፤ የተጠየቁትን ሁሉ መለሱ። አብዲሳ ብቻ መስኮቱን ያያል። ኦቦ ለሚ የተሰቀለውን ቸርኬ በብረት መትተው የእረፍት ደወል ሲያሰሙ «አለፍኩ» አልኩ በልቤ።

ሀያት ተነሣች። በአንድ እጇ ማዳበሪያ፣ በሌላው አዲስ ሉክ ወረቀት ይዛለች። ዝርዝሩን በቃሏ እንደገና ጽፋዋለች፤ አንዲት ኤክስ አልሳተችም።

«ቲቸር፣ ጠዋት ዝርዝሩን ገንጥለህ ኪስህ ከተሃል። በመስኮት አይቻለሁ። አምስት ሞላህ።» ማዳበሪያውን ዘረጋችልኝ።

ገምጋሚው ከቅጻቸው ቀና አሉ። «ምንድን ነው እሱ?»

በዚያች ሰከንድ ያሰብኩትን ውሸት ሁሉ ብጽፈው መጽሐፍ ይወጣዋል። ቀልድ ነው ልል ነበር፣ ድራማ ነው ልል ነበር፣ «ቁጭ በይ!» ልልም ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ በቂ ነበረች። መምህር ነኛ። ሃምሳ አንዱ ልጅ እኔን ያያል። አብዲሳ ግን አሁንም መስኮቱን ነበር የሚያየው። ምን እንደማደርግ አስቀድሞ አውቆ፣ ሊያየው እንኳ አልፈለገም። አፈርኩ። ካፈርኩ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ሆነ፤ ጀግንነት እንዳትሉት፣ የወረቀቷም ጫፍ ከኪሴ ወጥታ ትታይ ነበር። ማዳበሪያውን ተቀበልኩ።

የሱሉልታን ሜዳ ንፋስ የማታውቁ እንኳን አላወቃችሁት። ፌስታል መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ጎንበስ ስትል ይነሣል፣ ስትሮጥ ይሮጣል። ከረባቴ ትከሻዬ ላይ ተጠምጥሞ፣ በአንድ እጄ ማዳበሪያ በሌላው ኮቴን ይዤ አጥር ለአጥር ስሯሯጥ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ወጥቶ ቆመ። ኦቦ ለሚ ጀሪካኑን እንደያዙ ቀረቡና በኦሮምኛ እንዴት አደርክ መምህር አሉኝ።

«አካም ቡልቴ፣ ባርሲሳ? ስንት ሞልቶብህ ነው?»

«አምስት።»

«ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው። እዚያ ሽንት ቤቱ ጥግ ብዙ አለልህ» አሉና በጀሪካኑ ጠቆሙኝ።

መምህር ጉታ ከዛፉ ሥር አዩኝ። «ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብለው ስልካቸውን ዘጉ። ይህ በትምህርት ቤቱ ታሪክ የመጀመሪያው መሆኑን በኋላ ሰምቻለሁ።

ገምጋሚው ቅጻቸውን ይዘው ወጡ። መጣብኝ አልኩ። ዓመት ደገምኩ። አጠገቤ ሲደርሱ ፊታቸው በርቷል።

«ግሩም! ምንባቡን ከአካባቢ ጥበቃ ጋር አቀናጀኸው! ያውም መምህሩ ራሱ አርአያ ሆኖ! ይህን የት ተማርከው?»

«ከማኑዋሉ» አልኩ።

«ማኑዋሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ!» አሉኝ፤ እዚያው ቆመው በየሣጥኑ «እጅግ በጣም ጥሩ» እያሉ ሞሉት፣ ፈረሙ፣ ኮፒውን ሰጡኝ። እውነቱን ልነግራቸው ጊዜ ነበረኝ። አልነገርኳቸውም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደህና ወተት የሚሸጠው የት ጋ ነው? ውሃ ያልገባበት?» ሲሉኝ የጀሪካኑ ነገር ገባኝ።

ስድስተኛ ለ የገባሁት ወረቀቴን ከፍ አድርጌ እያውለበለብኩ ነው። «አለፍን!» አልኩ። ማንም አላጨበጨበም። ሀያት ማዳበሪያውን ተቀብላ ውስጡን አየች፣ ከዚያ ቀይ እስክርቢቶና ማስመሪያ አውጥታ መሰረዝ ጀመረች። ማርፈድ፣ ተሰረዘ። ስልክ፣ ተሰረዘ። ቆሎ፣ ተሰረዘ። መገንጠል፣ ተሰረዘ። እስክርቢቶዋን ከደነች።

«አንድ ቀረ እኮ» አልኳት።

«እሱን እኔ አልችልም። አብዲሳ ነው» አለችና እስክርቢቶውን ወስዳ አብዲሳ ፊት አስቀመጠችው።

እጄ ላይ በገምጋሚው የተፈረመ «እጅግ በጣም ጥሩ» አለ። ወጥቼ መሄድ እችል ነበር። በመጀመሪያ ነገሩን በርካሽ ልጨርሰው ሞከርኩ፤ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «አብዲሳ እኮ ጎበዝ ልጅ ነው፣ አይደል?» አልኩ። አብዲሳ ትከሻውን አየው። እጄን አነሣሁ።

«ገፈርሳ ቡራዩ ነው ያለው» አልኩ፣ ክፍሉ እንዲሰማ።

«አውቃለሁ ቲቸር።»

«ደደብ ያልኩህ አንተ ስለተሳሳትክ አይደለም። እኔ ተሳስቼ ስላፈርኩ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።»

አብዲሳ እስክርቢቶውን አንሥቶ ክዳኑን ከፈተ፣ ዝርዝሩን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ክዳኑን መልሶ ገጠመ።

«አስብበታለሁ ቲቸር» አለ።

በማግስቱ ግን ስለ ምንባቡ ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝ። ሁለቱን አላወቅኋቸውም፤ አላውቅም አልኩት። እስክርቢቶውን አልነካውም።

ልምምዱ ከግምገማው በኋላ በአራተኛው ቀን አለቀ። ተመረቅሁ፣ ዘመዶቹም መጡ፤ እናቴ «ውጭ ሠርቶ ነው የመጣው» እያለች አስተዋወቀችኝ። ዛሬ የራሴ ክፍል አለኝ። የገምጋሚው ቅጽ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ የትኛው ሳጥን እንደሆነ ግን ረስቼዋለሁ። ባለፈው ወር በሱሉልታ ሳልፍ ወርጄ ኦቦ ለሚን ሰላም አልኩና ስለ አብዲሳ ጠየቅኋቸው። ሁለተኛ ደረጃ ገብቷል፣ ቁመቱ በር አያስገባም አሉኝ። «የአንተን ነገር ጠይቄው ነበር» አሉ፣ እየሳቁ። «ገና እያሰብኩበት ነው ብሏል።»